ሰዓት ያሳሳተኝ ሰውዬ ሰፈር ነው የምኖረው

ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። (በኛ አቆጣጠር ነው፣ በእንግሊዞቹ 5 መሆኑ ነው።) ሌሊት ስልክ ሲጮህ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ማን ሞተ ብዬ ነው ዘልዬ የተነሳሁት። የሽሮ ሜዳ አብሮ አደጌ ነው። "እንዴ ተኝተሃል እንዴ? እዚህ እኮ ፀሐይ ወጥቷል!" አለኝ። አዎ ወንድሜ አንተ ጋ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፣ እኔ ጋ ግን ውሻም አልተነሳም። ደህና ነህ ደህና ነህ ተባብለን ስናበቃ የተለመደችዋን አመጣት፣ "ቆይ ግን ቢግ ቤን ጋ ቅርብ ነህ? አንድ ፎቶ እንኳን ልከህልን አታውቅም እኮ"። እኔ የምኖረው መንደር ነው አልኩት ለመቶኛ ጊዜ። "ለንደን ውስጥ መንደር አለ እንዴ? ደበቅከን በቃ!"

እንቅልፌ እንደሆነ ሄዷል፣ ስለዚህ ዛሬ ልንገራችሁ። የምኖርበት ሰፈር ቺዝልኸርስት ይባላል። ከመሀል ለንደን በደቡብ ምሥራቅ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፒያሳ ቡራዩ እንደማለት። እስከ 1965 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ካላንደርም ከጨመርኩበት አንጨርስም) ኬንት የሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ለንደን ውስጥ ተጠቃሏል። ነዋሪው ግን እስካሁን "ቪሌጅ" ነው የሚለው፣ ለንደን ነው ካልካቸው ቅር ይላቸዋል። ስሙ ራሱ በድሮ እንግሊዝኛ ጠጠራማ የጫካ ኮረብታ ማለት ነው አሉ። ሽሮ ሜዳ ለሚባል ሰፈር ልጅ ይሄ ብዙም አያስቀናም።

እዚህ የመጣሁት 2008 ፌብሩዋሪ ላይ ነው፣ ኬር ሆም ለመስራት። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ከረባት አስሬ ስሰራ የነበርኩት ሰውዬ አዛውንት ማጠብና ማልበስ ጀመርኩ። በሱ አላፍርም፣ እንጀራ ነው። ያሸማቀቀኝ ሌላ ነው።

ስመጣ አባቴ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ሰጥቶኛል፣ ጠዋት ጠዋት የሚሞላ አሮጌ ሰዓት። እኔም በሀበሻ ሰዓት እንደሞላሁት ላልነካው ለራሴ ቃል ገባሁ፣ አየሩ የነሱ ይሁን ቢያንስ ሰዓቴ የኔ ይሁን ብዬ። ሂሳቡ ቀላል ነበር፣ የኔ ሰዓት ላይ 3 መደመር ነው። ሺፍቴ የሚጀምረው በነሱ 8 ሰዓት ስለሆነ የኔ 5 ሰዓት ላይ በር ላይ መገኘት ነው በቃ። አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም። ማርች መጨረሻ ላይ አንድ እሁድ እንደልማዴ ልክ 5 ሰዓት ላይ፣ እንደውም 4 ደቂቃ ቀድሜ፣ ጉድ ሞርኒንግ ብዬ ገባሁ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት 9 ይላል!

ሌሊቱን ሰዓቱን አንድ ወደፊት ገፍተውታል፣ ለካ በየዓመቱ ማርች ላይ ገፍተው ኦክቶበር ላይ ይመልሱታል። አገር ሙሉ ተኝቶ እያለ! ማንም አልነገረኝም፣ ማን ይነግረኛል፣ እነሱ ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው ነው የሚያስቡት። ማናጀሯ ሰው ሁሉ ፊት ክንዷን አጣጥፋ "በናንተ አገር ሰዓት የለም እንዴ?" አለችኝ። ዝም ብል እኮ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ማስረዳት ጀመርኩ፣ በዛች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ አይ እኛ አገር ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ነው፣ ጠዋት የናንተ 7 ለኛ 1 ሰዓት ነው፣ 12 ወርም አንነካውም፣ እያልኩ የአባቴን ሰዓት እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው። 5 ይላል፣ እነሱ ጋ 9 ነው። ሳቁ! ምን ልበላችሁ፣ አንዷማ ግድግዳ ተደግፋ ነው የሳቀችው። ማክሰኞ ስገባ ሮታው (የሺፍት ሰሌዳው) ላይ ከስሜ አጠገብ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፣ "ሰዓቱን ሁለቴ ንገሩት" ይላል። ይቺ ወረቀት 17 ዓመት ሙሉ አልተነቀለችልኝም፣ ከልቤ ማለቴ ነው።

የዛን ቀን ያልሳቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፣ እኔ የምንከባከባቸው የ78 ዓመት ሴትዮ። (ነፍሳቸውን ይማር፣ በሆዴ እማማ ነበር የምላቸው።) ሻይ ሳቀርብላቸው ቀስ ብለው "ይሄን ነገር ያመጣብህ ሰውዬ እኮ እዚሁ ነው የተቀበረው፣ ሄደህ ተጣላው" አሉኝ። እኔ የቀለዱ መስሎኝ ነበር፣ እውነታቸውን ነው ለካ!

ሰውዬው ዊልያም ዊሌት ይባላል። ቤት እየገነባ የሚሸጥ የቺዝልኸርስት ሀብታም ነበር። በማለዳ ፈረሱን ይጋልብና ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ መጋረጃውን ዘግቶ ተኝቶ ያያል፣ ይናደዳል። ሰው ሲተኛ የሚናደድ ሰው አይጣል እኮ ነው! 1907 ላይ የቀን ብርሃን እየባከነ ነው ብሎ በራሱ ገንዘብ ጽሁፍ አሳተመ። ሀሳቡ ደግሞ ካሁኑም የባሰ ነበር፣ በአፕሪል አራት እሁዶች በየሳምንቱ 20 20 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 80 ደቂቃ መግፋት። አስቡት በየሳምንቱ ሳረፍድ! ፓርላማው ሳይቀበለው ሰውዬው 1915 ላይ ሞተ። ያኔ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተጀምሮ ነበር፣ ድንጋይ ከሰል መቆጠብ ያስፈልጋል ተባለ፣ መጀመሪያ ጀርመን በአፕሪል 1916 ሰዓቷን ገፋች፣ እንግሊዝም በሜይ 21 ተከተለች። ሰውዬው አላየውም።

እኛ አገር ለምን እንደማያስፈልግ ግልጽ ነው መቼም፣ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ክረምት ከበጋ የቀኑ ርዝመት ያን ያህል አይለያይም። እዚህ ግን ዲሴምበር ላይ በነሱ 4 ሰዓት፣ ማለትም በኛ አቆጣጠር ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ ጁን ላይ ደግሞ ማታ 3 ሰዓት ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ስለዚህ ሰውዬው ፍጹም እብድ ነው ማለት አልችልም፣ ልል ፈልጌ ነበር።

የእረፍት ቀኔ ላይ ሄድኩ። ቅዱስ ኒኮላስ የሚባለው አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የተቀበረው። ሰው አለመኖሩን አየሁና በአማርኛ የሚገባውን ነገርኩት፣ እዚህ አልጽፈውም። ከዛ ደግሞ ፔትስ ዉድ የሚባለው ጫካ ውስጥ መታሰቢያ አለው ሲሉኝ በእግሬ ጫካ ለጫካ ሄጄ አየሁት፣ 1927 ላይ ያቆሙለት የድንጋይ የፀሐይ ሰዓት ነው። በላቲን "የበጋ ሰዓቶችን ብቻ እቆጥራለሁ" የሚል ተጽፎበታል፣ ዓመቱን ሙሉ በገፉት ሰዓት ነው የተቀረጸው። እንግዲህ ፀሐይንም አታለዋታል ማለት ነው! አያቴ ጥላዋን በጫማዋ ለክታ ሰዓት የምትናገር ሴት ይቺን ብታይ ምን ትል ነበር እያልኩ ብቻዬን ስስቅ ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች መንገድ ቀየሩ።

ሰፈሩን ማወቅ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው፣ በቁጭት። ደግሞ እነዚህ ሰዎች የማይጽፉት ታሪክ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ሜዳው ላይ አንድ ክብ ጉድጓድ አለ፣ ድሮ አውራ ዶሮ የሚያዋጉበት። እሱንም ታሪክ ብለው ይንከባከቡታል። እኛ ዶሮን ለዓመት በዓል ነው የምናውቀው። የመንደሩ ስም ያለበት ምሰሶ ላይ ደግሞ ንግሥት ኤልሳቤጥ አንደኛ 1597 ላይ ቶማስ ዋልሲንግሃም የሚባለውን የሰፈሩን ባላባት "ሰር" ብላ ስትሾም ተስሏል፣ የሰውዬው ቤት ስካድበሪ አሁን ፍርስራሹና ዙሪያውን የከበበው ውሃ ብቻ ነው የቀረው።

ዋሻውን ለእናቴ ስነግራት ደነገጠች፣ "ልጄን ዋሻ አጠገብ አኖሩት" ብላ ለጎረቤት አወራች። 35 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ ከስራችን አለ፣ የተፈጥሮ አይደለም፣ ኖራና ባልጩት ሲያወጡ በሰው እጅ የተቆፈረ ነው። አንደኛው ጦርነት ላይ ጥይት አስቀመጡበት፣ ቀጥሎ እንጉዳይ አበቀሉበት፣ ሁለተኛው ላይ ደግሞ የጀርመን ቦምብ ሲዘንብ እስከ 15,000 ሰው ያድርበት ነበር፣ ውስጡ መብራት፣ ጸሎት ቤት፣ ሆስፒታል ሳይቀር ነበረው። እማማ ልጅ ሆነው እዛ አድረዋል። "ከቦምቡ ይልቅ የማስታውሰው የሰው ማንኮራፋት ነው" ይሉኝ ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ ጂሚ ሄንድሪክስ ሳይቀር ዘፍኖበታል። አሁን ጎብኚ ከፍሎ ይገባል፣ ፋኖስ ይሰጡታል፣ በጨለማ ያዞሩታል። እስኪ አስቡት፣ ፋኖስ ይዞ በጨለማ ለመሄድ ገንዘብ መክፈል! እኔ ይሄንን በነጻ ነው ያደግኩበት።

ከሁሉም ግን ሆዴን የሚበላኝ ካምደን ፕሌስ የሚባለው ትልቅ ቤት ነው። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ 1870 ላይ በጀርመኖች ተሸንፎ ተማረከ፣ ሲለቁት ማርች 1871 ላይ እዚህ መጣ፣ ሚስቱና ልጁ ቀድመውት ነበር። ስደተኛ ማለት ነው እንግዲህ፣ እንደኛው። አሻራ የለ፣ ኢንተርቪው የለ፣ ሕዝብ ወጥቶ በጭብጨባ ነው የተቀበለው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጃንዋሪ 1873 ላይ እዚሁ ሞተ። ልጁ የእንግሊዝ ወታደር ሆኖ ዙሉ አገር ዘምቶ ጁን 1879 ላይ በ23 ዓመቱ ተገደለ። የመንደሩ ሰው ትልቅ የድንጋይ መስቀል አቆመለት፣ መንገዱንም በስሙ ሰየመለት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ እናትየውን ለማጽናናት እዚህ ድረስ መጣች።

ይሄንን ሳነብ ቁጭ አልኩ። 1879! የኛው ልዑል ዓለማየሁ፣ የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው ሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ የሞተው። ሁለቱም አገር አልባ የንጉሥ ልጆች፣ ለሁለቱም ቪክቶሪያ አለቀሰች፣ ሁለቱም መታሰቢያቸው ዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። የፈረንሳዩ ግን ወዶ መጥቶ የተከበረ እንግዳ ነው፣ የኛው መቅደላ ላይ አባቱ ሲሞት በ7 ዓመቱ ተወስዶ የመጣ። አስከሬኑን መልሱልን ስንል ደግሞ 2023 ላይ የሌሎቹን አጽም እንረብሻለን ብለው እምቢ አሉ። ናፖሊዮንና ልጁን እኮ እናትየው 1888 ላይ ከዚህ መንደር አውጥታ ፋርንቦሮ የሚባል ሌላ ከተማ ወስዳቸዋለች! ማንም አልተረበሸም።

የንጉሡን ቤት ደግሞ ማን እንደገዛው ገምቱ። የዊሌት ኩባንያ! ግቢው ላይ ቤት ሰራበት፣ ቤቱ 1894 ላይ የጎልፍ ክለብ ሆነ፣ እስከ ዛሬም ነው። ይሄ ሰውዬ የማይገባበት የለም።

አንድ ቀን ይሄን ሁሉ ለእማማ ስተነትን "ያንተስ መንደር ታሪኩ ምንድነው?" አሉኝ። ሽሮ ሜዳ... ነጠላና ጥበብ ይሸጥበታል አልኩ። ከዛ ሌላ ምንም አልመጣልኝም። ከበላያችን ያለው እንጦጦ ማርያም ምኒልክ 1889 ላይ ዘውድ የጫኑበት ነው፣ ስንት ዓመት ሙሉ በበሩ ሳልፍ ሙዚየሙን አንድ ቀን ገብቼ አላየሁም። እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱት እናቶች መንገድ ስለቅ ነው ያደግኩት። ያኔ ያፈርኩት ከሰዓቱ ቀን ይብሳል ብል አታምኑኝም።

አሁን ወደ ምክሩ። ኬር ቪዛ ላስጨርስልህ የሚል ደላላ ካለ ስልኩን ዝጉት። ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ኬር ወርከርን ከውጭ አገር በአዲስ መቅጠር ተዘግቷል፣ ከማርች 2024 ወዲህ ደግሞ ኬር ወርከር ሚስትና ልጅ ማስመጣት አይችልም። መሬት ሸጠህ ስፖንሰርሺፕ ገዛሁ ብትል የገዛኸው ወረቀት ነው። በሌላ መንገድ የምትመጡ ደግሞ የሰው ቂጥ ማጠብ ክብር ይነካል ብላችሁ አትፍሩ፣ እሱ ይለመዳል። ሲስቁባችሁ ግን ለማስረዳት አትሞክሩ።

ለማንኛውም ዛሬ ማታ የኦክቶበር መጨረሻ ቅዳሜ ነው፣ ሰዓቱ ወደኋላ ይመለሳል። እኛ ኬር ሆም ውስጥ 14 የግድግዳ ሰዓት አለ፣ በየዓመቱ ሁለቴ መሰላል ላይ ወጥቶ የሚያስተካክለው ማን እንደሆነ ገምቱ። የአባቴን ሰዓት ግን እስካሁን አልነካሁትም።

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት ነው የቀሰቀስከኝ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስትደውል እኔ ጋ 10 ሰዓት ነው የሚሆነው፣ ሌሊቱን።