ለቮልስ ወለል የሚሆን የብየዳ ማሽን

ባለፈው ቅዳሜ የቮልሴን የቀኝ ወለል ከሁለት ቦታ በቀር በይጄ ስለጨረስኩ፣ አሮጌ መኪና በግቢያቸው ለሚያድሱ ወዳጆች ይጠቅም ይሆናል ብዬ የማሽን አመራረጤን ለመጻፍ ወደድኩ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ ለዓመታት የፈሰሰው አሲድም የዚያን አካባቢ ላሜራ ወንፊት አድርጎት ነበር። መቀመጫ ማውጣቱና ዝገት መፋቁ ጊዜ ከመውሰዱ በቀር አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ ማሽኑ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት 200 አምፒር የተጻፈበትን ባለ ኤሌክትሮድ ማሽን ነበር፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን የተሻለ ይመስለኝ ነበርና። ለግቢ በር እጅግ ጥሩ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ላሜራ ላይ ግን 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ገና ሲነካ ይበሳል፤ ቀዳዳውን ልሙላ ስል ጠርዙ እየቀለጠ ጥፍር ያህል የነበረው መዳፍ አከለ። አምፒሩን ስቀንስ ደግሞ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል። ጥፋቱ የእጄ ብቻ መስሎኝ ሦስት ልጥፍ እስካበላሽ ድረስ በዚያው መቀጠሌ አሁንም ይቆጨኛል። በመጨረሻ ወደ ሚግ ዞርኩ፤ ይህ በኤሌክትሮድ ፈንታ ቀጭን ሽቦ ከጥቅል እየገፋ፣ ብየዳውን በጋዝ እየከለለ የሚበይድ ማሽን ነው።

ስለዚህ ለቦዲ ሥራ ማሽን የሚገዛ ሰው መጠየቅ ያለበት ማሽኑ ከፍ ሲል የሚደርስበትን አምፒር ሳይሆን፣ ዝቅ ብሎ ሳይቆራረጥ የሚሠራበትን አምፒርና የሚገፋውን የሽቦ ቅጥነት ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ። አሁን የያዝኩት ሚግ እስከ 30 አምፒር ይወርዳል፤ 0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይገፋል፤ በቤት መብራትም ይሠራል። ያለ ጋዝ የሚሠራውን ሽቦ ፍንጣሪው ስለሚበዛ ለላሜራ አልመክረውም። እኔ ራሴ ለዚህ ሽቦ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መስመር ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ማዞር እንዳለብኝ ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ በከንቱ ለፍቼበታለሁ።

በሚግም ቢሆን መስመር አልጎትትም። አንድ ነጥብ ጥዬ፣ ቅላቱ ጠፍቶ ላሜራው በእጅ እስኪነካ ድረስ ጠብቄ፣ ቀጣዩን ነጥብ ከሌላው ጫፍ እጥላለሁ፤ አለዚያ ወለሉ ይጣመማል። ከሥር የመዳብ ቁራጭ መደገፍ በጣም ረድቶኛል፤ መዳቡ ሙቀቱን ይስባል፣ የቀለጠው ብረትም አይጣበቅበትም። ወለሉ ከመሐለኛው ዋሻ (በመኪናው መሐል ከፊት ወደ ኋላ ከሚሄደው ከፍ ያለ ክፍል) ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ግን ወፍራሙ ብረት ከቀጭኑ ጋር ስለሚገጥም፣ የሽቦውን ጫፍ ወደ ወፍራሙ አዘንብዬም ቢሆን ሁለት ቦታ በስቻለሁ፤ እነዚህን ገና አልዘጋኋቸውም።