አራጣ ከማን ላይ?

ሰሞኑን ስለ ክርስትናና ስለ ኢኮኖሚ ሳነብ ሰነበትኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ወሬው ሁሌም ከጀርመናዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ከማክስ ቬበር ይጀምራል። በ1904 እና በ1905 ባሳተመው ጽሑፉ፣ ለካፒታሊዝም መንፈስ መወለድ ፕሮቴስታንቶች፣ በተለይ የተሐድሶው መምህር የካልቪን ተከታዮች፣ ትልቅ ድርሻ አላቸው ብሎ ተከራከረ። ጠንክሮ መሥራት፣ አለማባከን፣ ትርፍን መልሶ ሥራ ላይ ማዋል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። የጣሊያን ከተሞቹ ፍሎረንስና ቬኒስ፣ ፕሮቴስታንትነትን የጀመረው ሉተር ከመነሳቱ በፊት፣ በባንክና በሩቅ ንግድ ከብረው ነበር፤ ያውም ካቶሊክ ሆነው። ቤከርና ቮስማን የተባሉ ኢኮኖሚስቶችም በ2009 የፕሮሺያን (የድሮውን የጀርመን ግዛት) መረጃ መርምረው፣ የፕሮቴስታንቶቹ ብልጽግና በአብዛኛው ከማንበብ የመጣ ነው አሉ። መጽሐፍ ቅዱስን ራስህ አንብብ የተባለ ሕዝብ ፊደል ቆጠረ፤ ፊደሉ ለገበያም ጠቀመው።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን የብድር ነገር ነው። ዘሌዋውያን 25 ከደኸየ ወንድምህ አራጣ አትውሰድ ይላል። የኒቅያ ጉባኤ በ325 ካህናት አራጣ እንዳይበሉ ከለከለ። ሮም ላይ የተደረገው የካቶሊኮች ሦስተኛው የላተራን ጉባኤ ደግሞ በ1179 የታወቁ አራጣ አበዳሪዎችን ከቁርባን አገደ፤ በክርስቲያን ሥርዓት እንዳይቀበሩም ወሰነ። ጭካኔ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ይገባኛል። ያኔ ብዙው ሰው የሚበደረው ሲርበው፣ ከብቱ ሲያልቅበት ነው። በሰው ረሃብ ማትረፍ እንዴት ኃጢአት አይሆንም?

ከዚያ ንግድ ሰፋ፤ ለማትረፍ ብሎ የሚበደር ሰው በዛ። ካልቪን ወለድን ፈቀደ፤ ከድሃ ላይ መውሰድን ግን አልፈቀደም። ካልቪንን የካፒታሊዝም አባት የሚያደርጉት ሰዎች ይሄን ሁለተኛውን ግማሽ ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም። ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

ከካልቪን ቀደም ብሎ፣ በ1462፣ ጣሊያን ውስጥ ፔሩጃ ከተማ ላይ፣ ፍራንሲስካውያን በተባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ስብከት፣ ዕቃ በመያዣነት ይዞ ለድሃ የሚያበድር ተቋም ተከፈተ። የሚያስከፍለው ወጪውን የሚሸፍንለትን ያህል ትንሽ ነገር ነው። ትንሽም ቢሆን አራጣ አራጣ ነው ያሉ ነበሩ፤ ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። በመጨረሻ በ1515 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 10ኛ ፈቀዱት።

ለዓመታት! ስለ ጥቂት ወለድ! እኔን የሚያስቀናኝ ይሄ ነው። ዛሬ ፋብሪካ ሊተክል የሚበደረውና ልጁን ሊያሳክም የሚበደረው እኩል ወለድ ሲጠየቁ፣ አንዳንዴም ድሃው ብሶ ሲከፍል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥያቄ የሚያነሳ ብዙ አላየሁም። ስለ አሥራት የሚሰበከውን ያህል ስለ ብድርም ቢሰበክ ደስ ይለኛል። በተለይ ለሕክምና ስለሚበደረው ሰው።