የኮሚኒቲ ቦርድ ገንዘብ ማሰባሰብን ሲማር፦ እስካሁን የደረስንበት

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ አንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ድርጅት ውስጥ በቦርድ አባልነት አገለግላለሁ። ድርጅታችን አዲስ መጤዎችን በሥራ ፍለጋና በወረቀት ጉዳይ ያግዛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለልጆች አማርኛ ያስተምራል። ከቦርዱ ሁለት አባላት ለትርፍ ላልተቋቋሙ ድርጅቶች የሚሰጠውን የገንዘብ ማሰባሰብና የቦርድ ማጠናከር ሥልጠና እንድንወስድ ተወስኖ ትምህርቱን ከጀመርን ቆየን። በሌሎች ከተሞች በተመሳሳይ ኃላፊነት ላይ ያላችሁ ወገኖች ስለ ሂደቱ ስለጠየቃችሁኝ፣ ከተማርነው ውስጥ በእኛ ቤት ሥራ ላይ የዋለውንና ያከራከረንን ለይቼ አካፍላችኋለሁ።

የሥልጠናው አስተሳሰብ በአብዛኛው የሚቀዳው ሄንሪ ሮሶ እ.ኤ.አ. በ1974 በሳን ፍራንሲስኮ ከመሠረቱትና በ1987 ወደ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ከተዛወረው የገንዘብ ማሰባሰብ ትምህርት ቤት ነው። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት መጠየቅ የሥራው የመጨረሻና አጭሩ ክፍል ነው። ከእርሱ በፊት ችግሩ በግልጽ ተጽፎ መቀመጥ፣ ቦርዱ በዓላማው ላይ መስማማት፣ ሊሰጡ የሚችሉ ሰዎች ተለይተው መታወቅና ከእነርሱም ጋር ግንኙነት መመሥረት አለበት። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ አዳራሽ እንከራያለን፣ ድምፃዊ እንጋብዛለን፣ ትኬት እናሳትማለን፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ግን በዚያው ምሽት መድረክ ላይ እንናገራለን።

በየስብሰባው የሚነሳው «ትልልቅ ኩባንያዎችን ለምን አንጠይቅም?» የሚለው ሐሳብ በሥልጠናው የመጀመሪያ ሳምንታት መልስ አገኘ። ጊቪንግ ዩኤስኤ የተባለው ዓመታዊ ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለበጎ አድራጎት ከተሰጠው 557 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 67 በመቶው የመጣው በሕይወት ካሉ ግለሰቦች ሲሆን የኩባንያዎች ድርሻ 7 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ለቦርዱ ካቀረብን ወዲህ ስለ ኩባንያ የሚነሳው ክርክር በጣም ቀንሷል።

ብዙ ያወያየን የስጦታ ሠንጠረዥ ነው፤ ይኸውም ግቡ ላይ ለመድረስ በየመጠኑ ስንት ስጦታ እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ዝርዝር ነው። እኛ በእድርና በዕቁብ ያደግን ሰዎች መዋጮ ሲባል የሚታየን እኩል ክፍያ ነው፤ መቶ ሺህ ዶላር ካስፈለገና አምስት መቶ ቤተሰብ ካለን፣ ለእያንዳንዱ ሁለት መቶ ዶላር ይደርሰዋል እንላለን። እድር የሚሠራው ግን እያንዳንዱ አባል ነገ ከፋዩም ተከፋዩም እርሱ ራሱ ስለሆነና መዋጮውን ያቋረጠ ሰው የሚያጣው ነገር ስላለ ነው። ለልጆች ትምህርት ወይም ለአዲስ መጤዎች እርዳታ በሚደረግ ስጦታ ላይ ይህ አስገዳጅነት የለም። አምስት መቶው ቤተሰብ ሁሉ አይሰጥም፤ አሥር ሺህ መስጠት የሚችለውም ሰው ሁለት መቶ ተጠይቆ ሁለት መቶ ሰጥቶ ይሄዳል።

ሠንጠረዡ ሒሳቡን ከላይ ወደ ታች ይጀምራል። የእኛን ላሳያችሁ። ለመቶ ሺህ ዶላር ግብ አንድ የ15,000፣ ሁለት የ7,500፣ አራት የ5,000፣ ስምንት የ2,500 እና አሥራ ሁለት የ1,000 ዶላር ስጦታ አስቀመጥን። ይህ 82,000 ዶላር ይሆናል፤ ቀሪው 18,000 ከአነስተኛ ስጦታዎች ይሰበሰባል። ግማሹ ገንዘብ የሚመጣው ከላይ ካሉት ሰባት ስጦታዎች መሆኑን ልብ ይሏል። ቀጥሎ ያለው ደንብ ለእያንዳንዱ ስጦታ ሦስት ወይም አራት ሊሰጡ የሚችሉ ሰዎችን በስም መጻፍ ነው፤ ለሰባቱ ብቻ ከሃያ አንድ እስከ ሃያ ስምንት ስሞች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ወረቀቱ በጠረጴዛው ላይ ሲዞር የላይኞቹ መስመሮች ባዶ መሆናቸው ማንም ንግግር ሳያደርግ ግባችን ከምናውቃቸው ሰዎች አቅም ጋር የማይመጣጠን መሆኑን አሳየን። ስለዚህ ግቡን ዝቅ አድርገን፣ የጎደሉትን ስሞች ለማግኘት ለእያንዳንዱ የቦርድ አባል የሥራ ድርሻ ሰጠን።

በእርግጥ አንድ የቦርድ አባል «ሀብታሙን ብቻ ልናከብር ነው ወይ?» ብለው የተቃወሙት ተቃውሞ ቀላል አልነበረም። እኔም በከፊል እስማማለሁ፤ ሠንጠረዡ ለሃያ ዶላር ሰጪው የሚሰጠውን ክብር የሚነካ ከሆነ በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ይዞት የሚመጣው ቅሬታ ከሚያስገኘው ገንዘብ ይበልጣል። ስለዚህ የምስጋና ደብዳቤው ለሁሉም በአንድ ዓይነት አጻጻፍና በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲላክ ወስነናል።

መጠየቅን በተመለከተ የተሰጠው መመሪያ አጭር ነው፦ መጠኑን በቁጥር ተናገር፣ ምን እንደሚሠራበት ግለጽ፣ ከዚያ ዝም በል። ይህ በይሉኝታ ላደገ ሰው ከሕግ ትምህርቱ ሁሉ ይከብዳል። በቦርድ ስብሰባ ላይ በተለማመድንበት ጊዜ አንዲት አባላችን እንደ ሬስቶራንት ባለቤት ሆነው ለተቀመጡት ታላቃችን «ጋሼ፣ ለዘንድሮው የቅዳሜ ትምህርት አምስት ሺህ ዶላር እንዲረዱን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለቻቸው። እስከዚህ ድረስ በሚገባ ተወጣችው። ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ግን «ካልተመቸዎት ግን ምንም ችግር የለም፣ የሚችሉትን ያህል ነው» ስትል ጨመረች። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «እንግዲያው መቶ ዶላር እሰጣለሁ» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አሠልጣኞቹ እንደሚሉት ያ ዝምታ የሰጪው የማሰቢያ ጊዜ ነው፤ ከእርሱ ላይ መንጠቅ አይገባም። ለታላላቆቻችን ግን አንድ ማሻሻያ አድርገናል፦ ስለ ምን ጉዳይ እንደምንመጣ አስቀድመን በስልክ እንነግራቸዋለን፤ ያለዚያ በፊታቸው ቁጥር ጠርቶ ዝም ማለት እንደ ድፍረት ሊቆጠር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቦርዱ ራሱ መስጠት አለበት። ብዙ ፋውንዴሽኖች ግራንት ሲጠየቁ ከቦርድ አባላት ምን ያህሉ በግላቸው እንደሰጡ ይጠይቃሉ፤ መልሱም መቶ በመቶ እንዲሆን ይጠበቃል። አንዳንድ የአሜሪካ ድርጅቶች አንድ አባል በዓመት የተወሰነ ገንዘብ እንዲሰጥ ወይም እንዲያመጣ ያስገድዳሉ። ይህን ዝቅተኛ መጠን እኛ አልተቀበልንም፤ ታክሲ የሚነዳ አባልና የሆስፒታል ሐኪም በአንድ መስፈሪያ ቢለኩ ቦርዱ የባለገንዘቦች ብቻ ይሆናል። ሁሉም አባል እንዲሰጥ፣ መጠኑ ግን በራሱ እንዲወሰን ተስማምተናል።

የደረሰኝ ጉዳይ አሰልቺ ቢመስልም ገንዘብ ያዦች በትኩረት እንድታነቡት እመክራለሁ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 250 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሰጠ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ለመቀነስ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ማረጋገጫውም በምላሹ ዕቃ ወይም አገልግሎት ተሰጥቶት እንደሆነ መግለጽ አለበት። ክፍያው ከ75 ዶላር በላይ ሆኖ ከፊሉ ለአገልግሎት ከሆነ፣ ድርጅቱ የአገልግሎቱን ግምት በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ለምሳሌ የእራት ትኬቱ 150 ዶላር ቢሆንና እራቱና ሙዚቃው 60 ዶላር ቢገመቱ፣ ስጦታ ተብሎ የሚቆጠረው 90 ዶላሩ ብቻ ነው። በጨረታ ሥዕል የገዛ ሰውም መቀነስ የሚችለው ከሥዕሉ የገበያ ዋጋ በላይ የከፈለውን ነው፤ የሎተሪ ትኬት ግን ጨርሶ አይቀነስም። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ወጪያቸውን በዝርዝር የማያስመዘግቡ ግብር ከፋዮችም እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት በአንድ ላይ ሲያስገቡ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ የገንዘብ ስጦታ መቀነስ ይችላሉ። አብዛኛው ወገናችን ወጪውን በዝርዝር ስለማያስመዘግብ ይህን በየጥሪው ላይ መግለጽ ይገባል።

ስለ ቦርድ አስተዳደር ከተማርነው ሁሉ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶች በየዓመቱ ለፌደራል ግብር መሥሪያ ቤት የሚያስገቡትን የፎርም 990 ስድስተኛ ክፍል እንደ መመዘኛ መጠቀምን ነው። ጠቅላላ ገቢው 200,000 ዶላር ወይም ንብረቱ 500,000 ዶላር የደረሰ ድርጅት ሙሉውን ቅጽ ይሞላል። ቅጹም በቦርድ አባላት መካከል የቤተሰብ ወይም የንግድ ግንኙነት መኖሩን፣ የጥቅም ግጭት ፖሊሲ መጻፉን፣ ቃለ ጉባኤ በወቅቱ መያዙን፣ ቅጹ ከመላኩ በፊት ለሁሉም የቦርድ አባላት መሰጠቱን ይጠይቃል። እኛ ገና አጭሩን ቅጽ የምንሞላ ድርጅት ብንሆንም ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ በስብሰባ ላይ መለስናቸው። የዝምድናው ጥያቄ ላይ ስንደርስ አንዳንዶቻችን ቀና ብለን መተያየታችንን አልደብቅም። ቤተ ክርስቲያናት ይህን ቅጽ የመሙላት ግዴታ ስለሌለባቸው፣ ከሰበካ ጉባኤ ልምድ ይዘው ወደ ማኅበረሰብ ቦርድ የሚመጡ አባላት ስለ ቅጹ ሰምተው አለማወቃቸው የሚያስገርም አይደለም። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላስገባ ድርጅት ግን ከግብር ነፃ የመሆን መብቱን ወዲያውኑ በሕግ ያጣል።

ከሌላ ግዛት ሰዎች ገንዘብ የምትጠይቁ ከሆነ የየግዛቱን ምዝገባም ተመልከቱ። በሜሪላንድ ጉዳዩ የሚታየው በሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት ጽሕፈት ቤት ነው፤ በቨርጂኒያ ግን በግብርናና ሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት በኩል ነው፤ ገንዘብ ያዣችን ይህን ሲሰማ የምናስመዘግበው ከብት መስሎት ነበር።

አንድ ሰው ዝግጅቱን እንዲመራልን ከሚገኘው ገቢ አሥር በመቶ እንዲታሰብለት ጠይቆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመሠረተው የአሜሪካ የገንዘብ አሰባሳቢ ባለሙያዎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በፐርሰንት መከፈልን ይከለክላል፤ ምክንያቱም ሰጪው ለልጆች ብሎ ከሰጠው ላይ ኮሚሽን መቆረጡን ቢያውቅ እምነቱ ይጎዳል፤ አሰባሳቢውም ለዘላቂው ግንኙነት ሳይሆን ለዛሬው ቼክ ይሠራል። ለሰውየው በሰዓት የሚታሰብ ክፍያ አቅርበንለት ሳይስማማ ቀርቷል።

አሁን በእጃችን ያለው የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ነው። የቦርድ አባልነት ዘመን ሦስት ዓመት ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲታደስ፣ የአባላቱም ሦስተኛ እጅ በየዓመቱ እንዲቀየር የሚያደርግ ረቂቅ አዘጋጅተናል። መሥራቾቻችን ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ ስለሆኑ «አመሰግናለሁ፣ ደህና ሁኑ» የሚል መልክ እንዳይኖረው ድምፅ የማይሰጥ የአማካሪ ጉባኤ እንዲቋቋምላቸው ሐሳብ ቀርቧል። ጠቅላላ ጉባኤው ከመሰብሰቡ በፊት ከእያንዳንዳቸው ጋር በግል እንነጋገራለን፤ በእናንተ ዘንድ ይህን ያደረጋችሁ ካላችሁ የአንቀጹን አጻጻፍ ብትልኩልኝ አመሰግናለሁ።