ሊጋቡ መርከብ የሚሳፈሩ ሰዎች

የምኖረው ዴንማርክ ውስጥ፣ ኤሮ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትለካ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ነዋሪዋም 6,000 አካባቢ ነው። ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ጋር የሚያገናኝ ድልድይ የላትም። ስቬንቦርግ ከምትባለው ከተማ ተነስቶ 75 ደቂቃ በመርከብ መጓዝ ግድ ነው። እንዲህ ከመንገድ ወጣ ወዳለች ቦታ ግን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች ሊጋቡ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ዴንማርካውያን አይደሉም። ብዙዎቹ እርስ በርሳቸውም የአንድ አገር ልጆች አይደሉም።

እኔ የምሠራው አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። ቁርስ አቀርባለሁ፣ ክፍል አጸዳለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። ከዚህ ሌላ ማንም ያልቀጠረኝ፣ እኔ ግን በጣም የምወደው ሥራ አለኝ። ምስክር ሆኜ እቆማለሁ። በዴንማርክ ሕግ ጋብቻ ሲፈጸም ሁለት ምስክሮች መገኘት አለባቸው። ሁለት ብቻቸውን የመጡ ሰዎች ምስክር ከየት ያመጣሉ? ማዘጋጃ ቤቱ ከሠራተኞቹ መሃል ይሰጣቸዋል። አንዳንዶቹ ግን ቁርስ ላይ ትንሽ ካወራን በኋላ “አንቺ ብትቆሚልን ደስ ይለናል” ይሉኛል። እሺ እላለሁ። ልብሴን ቀይሬ አብሬያቸው እሄዳለሁ።

ለምን እዚህ ድረስ እንደሚመጡ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ዋናው ምክንያት የወረቀት ጣጣ ነው። ብዙዎቹ የሚኖሩት ጀርመን ነው። ጀርመን ውስጥ የውጭ ዜጋ ላግባ ሲል፣ የአገሩ መንግሥት “ይህን ሰው ከማግባት የሚያግደው ነገር የለም” ብሎ የሚሰጠው ማስረጃ ይጠየቃል። ይህን ማስረጃ የማይሰጡ አገሮች ብዙ ናቸው። ያኔ ጉዳዩ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያመራል፤ ሰውየው ከዚህ ግዴታ ነፃ እንዲደረግ ይጠየቅለታል። የልደት ካርድ ይመጣል፣ ይተረጎማል፣ ትክክለኛነቱ ይጣራል። ወራት ይነጉዳሉ። ከእኛ አገር የመጣ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ገጠር ተወልዶ የልደት ካርድ ያወጣው ካደገ በኋላ የሆነ ሰው፣ ለዚያ የቢሮ ጸሐፊ ምን ብሎ ያስረዳል?

ዴንማርክ ያንን ማስረጃ አትጠይቅም። የምትፈልገው ፓስፖርት፣ በሕጋዊ መንገድ መግባታችሁን የሚያሳይ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ቀደም ሲል ያገባ ካለ ደግሞ የፍቺ ማስረጃ ነው። በዚህ ላይ ግንኙነታችሁ እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ታቀርባላችሁ። እ.ኤ.አ. እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ይህን የሚያጣሩት ማዘጋጃ ቤቶቹ ራሳቸው ነበሩ። ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ግን “ፋሚሊሬትስሁሰት” የሚባል ማዕከላዊ የቤተሰብ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ተረክቦታል። ለማስመሰል የሚደረግ ጋብቻን ለመከላከል ታስቦ ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል። ክፍያው ከ1,500 ክሮነር በላይ ነው። ተፈቅዶ የሚሰጠው ወረቀት የሚያገለግለው ለአራት ወር ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ካልተጋባችሁ ነገሩ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ለመጋባት አገር መሻገር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1754 በእንግሊዝና በዌልስ ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳያገባ የሚከለክል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ፍቅረኛሞችም ሕጉ ወደማይደርስበት ወደ ስኮትላንድ መኮብለል ጀመሩ። ድንበሩን እንደተሻገሩ የሚያገኙት መንደር ግሬትና ግሪን ይባላል። እዚያ ብረት ቀጥቃጩ ከሚሠራበት መስፍ ፊት አቁሞ ያጋባቸው ነበር። ዛሬም ቆጵሮስ ብትሄዱ ከእስራኤልና ከሊባኖስ የመጡ ሙሽሮች ታያላችሁ። በአገራቸው ጋብቻ በመሠረቱ በሃይማኖት ተቋማት እጅ ስለሆነ፣ ሃይማኖታቸው የተለያየ ጥንዶች ቆጵሮስ ማዘጋጃ ቤት ተጋብተው ይመለሳሉ፤ አገራቸውም ጋብቻውን ይመዘግብላቸዋል። ላስ ቬጋስን ማንም ያውቀዋል። የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ በየቀኑ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው።

ይህን ሁሉ “የሰርግ ቱሪዝም” ይሉታል። ሆቴሎችና አስጎብኚዎች የሚጠቀሙበት መሆኑ እውነት ነው፤ እኔም እንጀራዬን የማገኘው ከዚሁ ነው። በእኔ ዓይን ግን ብዙዎቹ ጎብኚዎች አይደሉም። ፍቅራቸውን ይዘው ለአንድ ቀን የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። መርከብ ላይ ሲታዩ ያስታውቃሉ። ከሻንጣው ይልቅ የሰነዶቹን ፋይል ነው ደረታቸው ላይ አጥብቀው የሚይዙት።

ኤሮስኮቢንግ የምትባለው ከተማችን ውብ ናት። መንገዷ ኮብልስቶን ነው፤ ቤቶቿ ከ200 እና ከ300 ዓመት በላይ የቆዩ፣ በየቀለሙ የተቀቡ ናቸው። ሥነ ሥርዓቱ ራሱ ግን አጭር ነው። አጋቢዋ ጥቂት ቃል ትናገራለች፣ ሁለቱንም በየተራ ትጠይቃቸዋለች፣ እነሱም “አዎ” ይላሉ፣ ይፈርማሉ። ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የምስክር ወረቀቱ በዴንማርክኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ ተጽፎ ይሰጣል። አልቅሰው የሚቀበሉት ብዙ ናቸው።

ሰው ባህሉን ጥሎ አይመጣም። ይህን ያየሁት እዚሁ ነው። አንዲት ፊሊፒናዊት ሙሽራ ከጀርመናዊ እጮኛዋ ጋር መጥታ ነበር። ከማዘጋጃ ቤት ስንመለስ “አንድ ነገር ይቀረናል” አለችኝ። ከቦርሳዋ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አወጣች። ውስጡ 13 ሳንቲም ነበር። በእነሱ ዘንድ ሙሽራው 13 ሳንቲም ለሙሽራይቱ ይሰጣል፤ ያለኝ ሁሉ ያንቺም ነው እንደማለት ነው። ከዚያ ነጭ ገመድ አወጣች። ገመዱ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ይዞ በሁለቱ ትከሻ ላይ ይደረጋል። ይህን የሚያደርጉት ለዚህ ክብር የተመረጡ ሰዎች ናቸው። እኔና ወጥ ቤት የምትሠራው ባልደረባዬ ተመረጥን። የቁርስ ጠረጴዛዎቹን ገፋ አድርገን ገመዱን አለበስናቸው። ባልደረባዬ እጇ ላይ የዱቄት አሻራ ነበረባት፤ ነጩ ገመድ እንዳይቆሽሽ ፈርታ ሁለት ጊዜ ታጥባ መጣች። ሙሽራው ሳንቲሞቹን ሲያፈስስላት አንዱ ወድቆ ከፍሪጁ ስር ገባ። ሁላችንም ተንበርክከን እስክናገኘው ድረስ ሥርዓቱ ቆመ። ያለዚያ አንድ ሳንቲም መቀጠል አልፈለገችም። ልክ ነበረች።

ሌሎችም አሉ። የፖላንድ ቤተሰብ ሙሽሮቹን በዳቦና በጨው ይቀበላል። ሂና እስከ ክርኗ የተቀባች ሕንዳዊት ሙሽራ በዝናብ ውስጥ በኮብልስቶኑ ላይ ስትሄድ አይቻለሁ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የዴንማርካውያኑ የራሳቸው ሰርግ ነው። ስለ ሰሜን አውሮፓ ሰው “ቀዝቃዛ ነው” ሲባል ትሰማላችሁ። የሰርጋቸው ዕለት ኑና እዩዋቸው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስታገባ ጠርታኝ ሄድኩ። እራት ላይ እያለን እንግዶቹ ሳህናቸውን በቢላና በሹካ ይመቱ ጀመር። ይህ ሲሆን ሙሽሮቹ ወንበር ላይ ቆመው መሳሳም አለባቸው። ቀጥሎ ሁሉም ወለሉን በእግሩ ደበደበ፤ አሁን ደግሞ ጠረጴዛ ስር ገብተው መሳሳም ነው። ሙሽራው ከአዳራሹ ወጣ ሲል ወንዶቹ ተሰልፈው ሙሽራይቱን ጉንጯን ይስማሉ። እሷ ስትወጣ ደግሞ የሴቶቹ ተራ ነው። በመሃሉ ንግግር አለ፣ ሌላ ንግግር አለ። ዘመዶች ስለ ሙሽሮቹ ግጥም ጽፈው፣ በሚታወቅ ዜማ አስገብተው፣ ለእንግዳው ሁሉ በወረቀት አድለው አብረው ይዘፍኑታል። አባትየው ስለ ልጁ ሲናገር ድምፁ ተቆራረጠ። ማንም ቸኩሎ አላጨበጨበም፤ እስኪጨርስ ጠበቁት።

እኩለ ሌሊት ሳይሞላ “ብሩደቫልስ” የሚሉት የሙሽሮቹ ዳንስ መደረግ አለበት። እንግዶቹ ክብ ሠርተው እያጨበጨቡ ቀስ በቀስ ይጠጋሉ። ክቡ እየጠበበ ይመጣና ሙሽሮቹ መንቀሳቀሻ ሲያጡ፣ እዚያው ተቃቅፈው ይቆማሉ። ከዚያ ወንዶቹ ሙሽራውን ተሸክመው ጫማውን ያወልቁና የካልሲውን ጫፍ በመቀስ ይቆርጡታል። ቀዳዳ ካልሲ የምትሰፋለት ጥሩ ሚስት አገኘ ማለት ነው ብለው ነገሩኝ፤ ሌላ ትርጉም የሚሰጡትም አሉ።

አሁን ወደ እኛዎቹ ልምጣ። አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ መጣች። ጀርመን ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። እጮኛዋ ጀርመናዊ ነው። ከሁሉ ያስጨነቃት የእናቷ ነገር ነበር። “ሽማግሌ ሳይላክ፣ እኔ ሳልመርቅ፣ ሰው በሌለበት ደሴት ምን ዓይነት ጋብቻ ነው?” ብለዋታል። ልጅቷ በስልክ ለማስረዳት ሞክራለች። ቤተሰብ ሕጋችን ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት መፈጸም እንደሚችል ይላል፤ ውጭ አገር በሕጉ መሠረት የተፈጸመም ተቀባይነት አለው ብላቸዋለች። እናት ግን የጠየቁት ስለ ሕግ አልነበረም።

ዕለቱ ደረሰ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁመን በቪዲዮ አገናኘናቸው። እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ አስቀምጠው ጠበቁን። አጋቢዋ ሳትጀምር አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው “የማን ልጅ ነው?” አሉ። ልጅቷ ተረጎመችለት። ሙሽራው ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ይህን እንደሚጠየቅ ነግራው ስለነበር አያቱ ዘንድ ሄዶ ነበር። አያቱ የሚያውቁትን ነግረውታል፤ የቀረውን ከመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ አስፈልገውለታል። ቆሞ አንድ በአንድ አነበበ። የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን፣ እያለ እስከ ሰባት ቤት። ሽማግሌዎቹ ስሞቹን መያዝ አልቻሉም። ሰባት መሙላቱን ግን በጣታቸው ቆጥረዋል። አጋቢዋ ስለ ሰዓቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ፊርማው ካለቀ በኋላ እናት እኔን አስጠሩኝ።

“አንቺ ማነሽ ልጄ?”

“ምስክሯ ነኝ እማማ።”

“እኔን ተክተሽ ነዋ የቆምሽው። እግዜር ያክብርልኝ። ልጄን አደራ።”

ከዚያ ሁላችንንም፣ አጋቢዋን ጨምሮ፣ መረቁን። “ውለዱ፣ ክበዱ፣ አብራችሁ አርጁ” ሲሉ አጋቢዋ ምን እንደተባለ ሳይገባት ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች። ስተረጉምላት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሳይውል ሳያድር ወሬው ተነዛ። “ለወረቀት ነው ያገባችው” ተባለ። ይህ ያንገበግበኛል። ልጅቷ የራሷ ሥራና የራሷ የመኖሪያ ፈቃድ ነበራት። ስደት ላይ የሌላ አገር ሰው ያገባ ሁሉ ለምን ይህ ስም ይለጠፍበታል? መሥሪያ ቤቱ እንኳ ማስረጃ ጠይቆ፣ አይቶ ነው የሚወስነው። እኛ ምንም ሳንጠይቅ እንፈርዳለን። ለማስመሰል የሚጋባ የለም አልልም፤ አለ። በዚያ ውስጥ ገንዘቧን የተበላች፣ ፓስፖርቷን የተቀማች፣ “አስባርርሻለሁ” እየተባለች የምትኖር እህት አለች። ለእሷ የሚያስፈልጋት ሐሜት ሳይሆን ጠበቃ የሚያገናኛት ሰው ነው። ደግሞም የጋብቻ ወረቀት በራሱ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱ የሚጠየቀው ለብቻው ነው፤ የሚወስነውም የምትኖሩበት አገር ነው። ደላላ ሌላ ቢላችሁ አትመኑት።

እንዲህ ለመጋባት የምታስቡ ካላችሁ፣ ቤተሰብን በስልክ ማገናኘት ይቻላል። ቀጠሮ ስትይዙ ለማዘጋጃ ቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ እኔ እስካሁን እምቢ ሲሉ አላየሁም። ዋናውን ፓስፖርትና ሰነድ ይዛችሁ ከሥነ ሥርዓቱ በፊት በአካል መቅረብ ስላለባችሁ የዚያኑ ዕለት በመጨረሻው መርከብ አትምጡ። የሰዓት ልዩነቱንም አትርሱ። ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ አገር ቤት በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ በቀሩት ወራት በሁለት። እናትና አባት ስልኩ ላይ መግባት ያለባቸው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ቀድመው ነው፤ ኔትወርኩ አንዴ ከተቆረጠ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል።