«ያውልህ፣ እዚያ ማዶ»

ስልኬ ርቀቱን 3 ኪሎ ሜትር አለው። መሪያችን ደግሞ በአገጫቸው እየጠቆሙ «ያውልህ፣ እዚያ ማዶ» አሉኝ። ሁለቱም አልዋሹም። ከቆምንበት የገደል አፋፍ ሲታይ የምናድርበት ሸንተረር፣ በላዩ ያለችው ብቸኛ ጎጆ፣ ከጎጆዋ የሚወጣው ጭስ ሳይቀር ወለል ብሎ ይታያል። እንዲያውም አንዲት ሴት ከእኛ በኩል ሆና ስለጠፋባት ጥጃ ስትጣራ ከማዶ «አላየንም» የሚል መልስ መጣላት። በጥያቄዋና በመልሱ መካከል ያለችውን አገር ለመሻገር ግን እኛ ቀኑን ሙሉ ፈጀን።

ቦታው ወፍ ዋሻ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል፣ ደጋው ድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ጥንታዊ ደን። ጊዜው ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው፤ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በደሴ መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፈን ጉዶ በረት አደርንና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ደጋው ላይ ገብሱ ደርሶ አጨዳ ተጀምሯል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ሜዳው እንዲህ ጸጥ ብሎ ተዘርግቶ፣ ዳር የሌለው መስሎ ይቆይና ድንገት ያልቃል። በቃ ያልቃል። አንድ እርምጃ ቢጨምሩ ከእግር በታች ያለው ደመና ነው።

ያ ጠርዝ የውሃ ወሰንም ነው። ከጀርባችን የፈሰሰው ውሃ ጀማ ይገባል፣ ከጀማ ዓባይ፣ ከዓባይ ሜዲትራኒያን ባሕር። ከፊታችን የወረደው ግን ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ውስጥ ይቀራል። መሪያችን ይህን ስነግራቸው ብዙም አልተገረሙም። «እኛ እንኳ ዝናቡ በየት በኩል እንደሚጥል ነው የምናየው» አሉ።

ገና መውረድ ሳንጀምር ጭላዳዎቹ ከገደሉ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ሌሊቱን ነብርም ጅብም በማይደርስበት የገደል እርከን ላይ ያድሩና ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር ሲግጡ ይውላሉ። እነሱ ሥራ ሲገቡ እኛ መኝታቸው ወዳለበት ወረድን። ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ቡናማ ወፎች አለቱን እየለቀሙ ይፈናጠሩ ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተመዘገበችው የአንኮበሯ ወፍ በእንዲህ ያለ የገደል አፋፍ ላይ ነው የምትኖረው፤ እሷ ትሁን አትሁን ግን አልምልም።

ቁልቁለቱ ደረጃ በደረጃ ነው። ይህን መጀመሪያ አላስተዋልኩም፤ አንድ ገደል ወርጄ የጨረስኩ ሲመስለኝ ሌላ ይከተላል። በመካከላቸው ደግሞ ለጥ ያለች እርከን፣ በእርከኗ ላይ ቁራጭ ማሳና ምንጭ። አገሩ የተሠራው እሳተ ገሞራ በየዘመኑ እየፈሰሰ በደራረበው አለት ነው። ጠንካራው ንብርብር እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በመሃል ያለው ለስላሳ አመድና ሸክላ ይሸረሸርና እርከን ይሆናል። በአለቱ ስንጥቅ የሰረገው ዝናብም ሸክላው ላይ ሲደርስ መውረጃ ያጣና በጎን ይፈልቃል። ሰው ውሃና አፈር አንድ ላይ ያገኘው እዚያ ስለሆነ የሚኖረውም እዚያው ነው። በአንዳንዱ ቦታ አለቱ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ የተሰነጠቀበት መንገድ ያስገርማል፤ ማእዘን ማእዘን ያላቸው ምሰሶዎች ተራ ገብተው የቆሙ እንጂ ተፈጥሮ አይመስሉም። የሥነ ምድር ሰዎች በዚህ ተራራ ሰንሰለት ስም «ጣርማ በር» ብለው የሚጠሩት አለት አላቸው። ብዙዎቻችን ጣርማ በርን የምናውቀው ጣልያን በወረራው ዘመን ፈልፍሎ በሠራው ዋሻ ነው፤ በመኪና ሽው ብለን ስናልፍበት ምን እንደተፈለፈለ አናይም።

አፋፉ ላይ አስታና ጅብራ የሚባሉት የደጋ ዕፅዋት ነበሩ። ዝቅ ስንል ኮሶ መጣ፤ እንስቷ አብባ ቀይ ዘለላዋን አንጠልጥላለች። ወንዱ ዛፍ ለብቻው ነው፣ አበባው እንደሷ አይቀላም። መሪያችን ዘለላውን በዱላቸው ነካ አድርገው ፊታቸውን አኮማተሩ። በልጅነታቸው ጠጥተውታል መሰለኝ። ከኮሶው በታች ጽዱ ጀመረ፣ ያኔ ነው ዝም ያልነው። ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ግንድ፣ ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገ ሽበት፣ ከሥሩ ቀኑን የሚያጨልም ጥላ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የመናገሻን ደን ሲያስተክሉ ዘሩን ያስመጡት ከወፍ ዋሻ ነው ይባላል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለውን ደን ቀድሜ አይቼው ስለነበር፣ የልጁን ቤት ጎብኝቶ ኋላ እናቱን እንደሚተዋወቅ ሰው ሆንኩ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት የሚያምረውን ነገር ብቻ ነው። አሁን ስለ ጉልበቴ ልናገር። ዳገት ሳንባ ይፈትናል፣ ቁልቁለት ግን ጉልበት ይበላል፣ ይህን ያመንኩት እዚያ ነው። በተለይ ከጽዱ በታች፣ ዝግባው ውስጥ፣ መሬቱ በረጠበ ቅጠል ተሸፍኖ ከሥሩ ጭቃ ነው። እኔ ጣቶቼ ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተላተሙ፣ ፊት ለፊት እየወረድኩ ነበር። መሪያችን ቆመው አዩኝና «በጎንህ ውረድ» አሉ። በጎን፣ ዱላውን ወደ ታች ሳያስቀድሙ ከላይ በኩል እየተከሉ፣ እግርን በአግድም እየጣሉ። በአንዴ ቀለለኝ። ጓደኛዬ ምክሩን ሳይሰማ ተንሸራተተና ለመያዝ የዘረጋው እጁ ሳማ ጨበጠ። ለሚቀጥለው አንድ ሰዓት ጉሬዛዎቹን በቅርንጫፍ ላይ ሲዘሉ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱ መዳፉን ነው ያየው።

«ስልኩ እኮ 3 ኪሎ ሜትር ነበር ያለው» አልኩ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ገና ወንዙ ሳይደረስ።

«ወፍ መስለኸው ይሆናል» አሉ መሪያችን።

ወንዙ ከላይ ሲታይ ክር ነበር። ስንደርስበት ድምፁ ብቻ ሸለቆውን ሞልቶታል፣ ለመነጋገር መጮኽ ያስፈልጋል። ውሃው ግን ከጉልበት አያልፍም፤ ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ። ጫማዬን ልፈታ ስቀመጥ መሪያችን ከልክለው ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ መምጫ ተመለከቱ። ደመናውን ነው የሚያዩት። «እዚህ ፀሐይ ነው ብለህ አትመን፤ ላዩ ላይ ከጣለ ደራሽ ይመጣል» አሉ። ከዚያ በዱላቸው ከራሳችን በላይ ያለ ቅርንጫፍ አሳዩን። ደረቅ ሣርና ጭራሮ ተጠምጥሞበታል። የወፍ ጎጆ መስሎኝ ነበር። ወንዙ ነው በክረምት አምጥቶ ያንጠለጠለው፣ ከእኔ ቁመት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ። የማሰሪያውን ነገር ተውኩት፤ ጫማዬን እንዳደረግኩ ተሻገርኩ። አረንጓዴ ያበቀለውን ድንጋይ ትቶ ደረቁን እየመረጡ መርገጥ እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም፣ ደረቅ ካልተገኘም ድንጋዩን ትቶ ውሃው ውስጥ መግባት ይሻላል። ቀና ያለ መስሎኝ የረገጥኩት አንድ ድንጋይ ተንከባለለና እስከ ወገቤ አጠበኝ።

ስለ ዳገቱ ብዙ የምለው የለኝም። ወጣነው። በየሃያ እርምጃው እየቆምን፣ መሪያችን በየእርከኑ ተቀምጠው እየጠበቁን፣ አንድም ጊዜ «ፍጠኑ» ሳይሉን። ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል። የጎጆዋ ባለቤት ለድንኳናችን ቦታ አሳዩን፣ ውሃም ሰጡን።

መሪያችን ግን አልተቀመጡም። ላሞቻቸውን ማስገባት አለባቸው። አብረውን ያድራሉ ብለን ስለነበር ደነገጥን።

«ጋሼ፣ እየመሸ እኮ ነው፤ ይህን ሁሉ መንገድ ተመልሰው?»

«በእሱ አይደለም የምመለስ። በገደሉ የሚያቋርጥ አለ።»

«ታዲያ እኛን በእሱ ለምን አላመጡንም?»

እግራችንን አዩ፣ ከዚያ ጫማችንን፣ ከዚያ ያበጠውን የጓደኛዬን መዳፍ። «ለእናንተ አይሆንም» አሉ በትሕትና። «አፋፉ ላይ ስደርስ ባትሪ አበራላችኋለሁ፣ አትስጉ።»

ፀሐይዋ ከደጋው ጀርባ ስትገባ ገደሉ በአንዴ ጠቆረ። ጠዋት የቆምንበት ሜዳ ጠርዝ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ቀይ ሆኖ ቀረ። ከታች ወንዙ ይሰማል። ጓደኛዬ እግሩን እያሸ፣ እኔ እርጥብ ሱሪዬን እሳት ዳር እያደረቅኩ፣ በየመሃሉ ወደ ማዶ እናያለን። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ምንም የለም። አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ እኛ ከጠበቅንበት ቦታ በጣም ወደ ግራ ራቅ ብሎ፣ ብልጭ አለ። ጠፋ። እንደገና በራ።

ጓደኛዬ የስልኩን መብራት ከፍቶ፣ በደህናው እጁ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። የማዶው ብርሃን ትንሽ ቆሞ ጠበቀና ከአፋፉ ጀርባ ገባ።