ፈዘዝ ያለው ሰማያዊ

ደብዳቤው ዘንድሮም በሰኔ ማብቂያ መጣ። ከሥራ ስመለስ ፖስታው በር ሥር ወድቆ አገኘሁት፤ ሆዴን ባር ባር አለው። አየርላንድ ከገባሁ ጀምሮ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ፖስታ ባየሁ ቁጥር አንድ ያላቀረብኩት ማስረጃ ያለ ይመስለኛል። ስከፍተው አንድ ገጽ ብቻ ነው። የትምህርት ቤት አልባሳትና ጫማ አበል ለሁለቱ ልጆችሽ ባንክ ሒሳብሽ ውስጥ ይገባል፣ ማመልከት አያስፈልግሽም ይላል። ለትልቁ 285 ዩሮ፣ ለትንሿ 160። ሁለት ጊዜ ደመርኩት፤ 445።

ከገንዘቡ እኩል ደስ ያሰኘችኝ «ማመልከት አያስፈልግሽም» የምትለው ቃል ናት። ደብዳቤው ያልደረሳቸው ወላጆች እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ በኢንተርኔት ማመልከት ይችላሉ፤ እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንደዚያ አድርጌ ነው ያገኘሁት። ቅጽ መሙላቱ አይከብድም። የሚከብደው ድህነትን በየሳጥኑ ከፋፍሎ መጻፉ ነው። አሁን ግን ደመወዜ ዝቅተኛ በመሆኑ በየሳምንቱ ድጎማ ስለማገኝ መዝገቡ ያውቀኛል፤ ሳልጠይቅ ይሰጠኛል።

ይህ ለምን እንዲህ እንደሚነካኝ አውቃለሁ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለትምህርት ቤታችን ዩኒፎርም አመጣ። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ስም መጥራት ጀመሩ። አሥራ አራት ነበርን። ከሰልፉ ወጥተን ፊት ለፊት ቆምን፤ ተጨበጨበልን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። ሹራቡ መልካም ሹራብ ነበር፤ ወፍራም፣ ሙቀት ያለው። እናቴ በሁለት እጇ ይዛ ገልበጥ ገልበጥ እያደረገች የሰጡትን ሰዎች ስትመርቅ አመሸች። ችግሩ ሰማያዊው ነበር። ሌሎቹ ልጆች ከሚለብሱት በጥቂቱ ፈዘዝ ይላል። ከሩቅ አይታወቅም። ሰልፍ ላይ ጎን ለጎን ስንቆም ግን ማን እንደገዛ፣ ማን እንደተሰጠው ዓይን ያለው ሁሉ ይለየዋል። ጨው ቀለም ያጠብቃል ሲባል ሰምቼ በየቅዳሜው ጨው ባለበት ውኃ እዘፈዝፈው ነበር። ሹራቡ አሳከከኝ እንጂ አልጠቆረም።

እዚህ ስሜን የሚጠራ የለም። ገንዘቡ ሒሳቤ ውስጥ ይገባል፣ ትምህርት ቤቱ አይሰማም፣ ሱቁም አያውቅም፣ ደረሰኝ አምጪ የሚለኝም የለም። የእኔ 160 ዩሮ ከማንም 160 ዩሮ አይፈዝም።

ጥሬ ገንዘብ ከሚሰጥ ልብሱ ራሱ ቢታደል ይሻላል፣ አንዳንዱ ለሌላ ነገር ያውለዋል የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አውያለሁ። አንድ ዓመት ከጫማው ገንዘብ ላይ አንሥቼ መብራት ከፈልኩና ጫማውን ሁለት ሳምንት ዘግይቼ ገዛሁ። ልጁ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የተማረው በአሮጌ ጫማ፣ ያጠናው ግን በመብራት ነው። ይህን የማመዛዘን ሥራ ከእኔ ይልቅ ማን እንዲሠራው እንደሚፈልጉ አይገባኝም።

እርግጥ ሕጉ የራሱ ጉድ አለው። 285 ዩሮ የሚከፈለው እስከ ሴፕቴምበር 30 ዓሥራ ሁለት ዓመት ለሞላው ልጅ ነው። የእኔዋ የምትሞላው ኦክቶበር 4 ነው። በአራት ቀን 125 ዩሮ ቀረባት፤ እግሯ ደግሞ ከወንድሟ የሚያንሰው በግማሽ ቁጥር ነው! የሥራ ባልደረባዬ ነገር ከዚህ ይብሳል። የሌሊት ፈረቃ ስለጨመረች ገቢዋ ከተወሰነው ጣሪያ በትንሹ አለፈ፤ ምንም አላገኘችም። በ2025 ክፍያው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሕፃናትም ተፈቅዷል ሲባል ሰምታ «ዳይፐር ለለበሰ ዩኒፎርም!» ብላ ሳቀች። ሳቋ የምር አልነበረም።

ትልቁ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ይገባል። መጽሐፍ አላስገዙንም፤ ከ2023 ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዓመታት መጽሐፍ በነፃ ሆኗል። ልብሱ ግን ዓርማ አለው። ዓርማው ሹራቡ ላይ ተጠልፎ ነው የሚመጣው፤ የሚሸጠውም አንድ ሱቅ ብቻ ነው። ሹራቡና የስፖርት ቱታው ብቻ ከ285ቱ ግማሽ ያህሉን ወሰዱ። ትምህርት ሚኒስቴሩ በ2017 ለትምህርት ቤቶች በላከው መመሪያ፣ ተራ ልብስ ከየትም ተገዝቶ ዓርማው በካውያ ወይም በመርፌ እንዲለጠፍ መክሮ ነበር። የሰማ ሰማ፣ ያልሰማ አልሰማም። መንግሥት በአንድ በር ያስገባውን ሱቁ በሌላው በር ሲያወጣው ቆሜ አያለሁ።

የትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት ከሰሙት ወገን ነው። ዓርማውን ለብቻው ይሸጣል። ከሱፐርማርኬት ዓርማ የሌለው ጥቁር አረንጓዴ ሹራብ ከ10 ዩሮ ባነሰ ገዛሁና ትናንት ማታ ካውያ ሰካሁ። ከዓርማው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌ ልጫን ስል ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«እማዬ፣ ቀለሙ ከአምናው አይለይም?»

ካውያውን አስቀመጥኩ። የአምናውን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ጎን ለጎን አምፖሉ ሥር ዘረጋኋቸው። ይለያል። ከሩቅ አይታወቅም፤ ግን ይለያል። ምንም ሳልናገር ቦርሳዬን ከፍቼ ደረሰኙን መፈለግ ጀመርኩ። ነገ መልሼው ከዩኒፎርም ሱቁ እገዛለሁ፣ የጎደለውን ከወሩ አስቤዛ ላይ እቀንሳለሁ እያልኩ በሐሳቤ ስደምርና ስቀንስ እሷ አዲሱን በአንገቷ አጥልቃ መስታወት ፊት ቆማለች።

«የአምናው ሻጋታ ነው የሚመስለው» አለች። «ይህ ያምራል። ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምንም» አልኳት።

አወለቀችና ሰጠችኝ። ዓርማውን ተኮስኩት። አንዱ ጥግ አልያዝ ቢለኝ መርፌ አምጥቼ ጠቀምኩት።