እየጾምኩ ለፉትቦል 10 ኪሎ እንዴት ጨመርኩ

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል (በእጅ የሚያዘው ኳስ እንጂ እግር ኳስ አይደለም) የተጫዋች ሰውነት የሚሠራው ጨዋታ በሌለበት ወቅት ነው። የእኛ ውድድር ኅዳር ላይ ያበቃል። ጥር ላይ የጂሙ ሥራ ይጀመራል። በመጋቢትና በሚያዝያ የስፕሪንግ ልምምድ አለ፤ የሚፈቀደው 15 ጊዜ ብቻ ነው። ሰኔና ሐምሌን እንደገና ጂም፣ ነሐሴ ላይ ከውድድሩ በፊት የሚደረገው የልምምድ ካምፕ። ከውድድር ውጪ ባለው ጊዜ የኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር) ደንብ ተጫዋችን በሳምንት ከ8 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቅድም። ስለዚህ ኪሎህን የሚወስነው በአብዛኛው በቀሩት ሰዓታት የምትበላውና የምትተኛው ነው።

ያደግኩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ኮሌጅ ቡድን የገባሁት ያለ ስኮላርሺፕ፣ በሙከራ ነው። በሁለተኛ ዓመቴ ከሴፍቲ (ከኋላ ከሚከላከለው ቦታ) ወደ ላይንባከር (ቀረብ ብሎ ወደሚከላከለው፣ ከበድ ያለ ሰውነት ወደሚፈልገው ቦታ) አዛወሩኝ። ያኔ 198 ፓውንድ ነበርኩ፤ 90 ኪሎ ማለት ነው። አሰልጣኞቹ እስከ ነሐሴ 220 ፓውንድ እንድገባ ፈለጉ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ዐቢይ ጾምን ሳልጾም አላውቅም። 55 ቀን ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ጾሙ የሚውለው ደግሞ ልክ በዋናው የጂም ሥራና በስፕሪንግ ልምምዱ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ንስሐ አባቴ ዘንድ ነው። ነገሩን በዝርዝር አስረዳኋቸው። «ከሥጋውና ከወተቱ ተከልከል ልጄ። ሰዓቱን ግን ፈቅጄልሃለሁ፤ ጠዋት ብላ» አሉኝ። ጂም የምንገባው ንጋት 12 ሰዓት ነበር። ከባድ ብረት አንስቶ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል ሰውነትን ይበላል እንጂ አይገነባም። በስፖርት ላይ ያለ ጾመኛ ሁሉ ይህን ብቻውን ባይወስን ጥሩ ነው። አባቶች ካስረዷቸው ይረዳሉ።

ሰው ሁሉ «ፕሮቲን ከየት ታመጣለህ?» ይለኛል። ፕሮቲኑ ያን ያህል አላስቸገረኝም። ጡንቻ ለሚገነባ ሰው በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም በቀን ይመከራል። ምስር፣ ሽሮ፣ ቶፉ፣ የሶያ ወተትና የአተር ፕሮቲን ዱቄት ሲደመሩ እዚያ ያደርሳሉ። አስቸጋሪው ካሎሪው ነው። የጾም ምግብ ፋይበሩ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ያጠግባል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ካሎሪው ግን 230 ገደማ ብቻ ነው። ሆዴ ሞልቶ ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም ነበር።

መፍትሔው መጠጣት ሆነ። በሶ፣ አጃ፣ ሙዝ፣ የኦቾሎኒ ቅቤና የተፈጨ ተልባ ከሶያ ወተት ጋር በብሌንደር እመታለሁ። አንዱን ከጂም በኋላ፣ አንዱን ከመኝታ በፊት። እናቴ ሽሮው ላይ ዘይት ጨመረችበት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ክሬቲን የሚባለውን የጡንቻ ጉልበት ማሟያም በቀን 5 ግራም እወስድ ነበር። የሚሸጠው በፋብሪካ የሚሠራ ስለሆነ ጾም አያስፈታም። ከምግብ የሚገኘው ግን ከሥጋና ከዓሣ ስለሆነ፣ ለጾመኛ ጥቅሙ የበለጠ ይሰማል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ዘሎ ቢወጣ አትደሰቱ። ጡንቻ ውስጥ የገባ ውሃ ነው።

ጂሙን በተመለከተ ምስጢር የለም። ስኳት፣ ቤንች ፕሬስ፣ ፓወር ክሊን፣ ሸክም የተጫነበት ስሌድ መግፋት። በየሳምንቱ ትንሽ ብረት መጨመር፣ በየአራተኛው ሳምንት ማቅለል። የጥንካሬ አሰልጣኛችን ግን አንድ ደንብ ነበረው፤ እስከ ዛሬ የምከተለው እሱን ነው። የመጀመሪያዎቹን 10 ያርዶች (9 ሜትር ገደማ) ሩጫ በየጊዜው በሰዓት ይይዛል። ኪሎህ ጨምሮ ሰዓትህ ካልተበላሸ ቀጥል። ሰዓትህ ከዘገየ ግን መጨመሩን አቁም፤ የመጣው ስብ ነው። ስለዚህ በሳምንት ከአንድ ፓውንድ በላይ እንድጨምር አልፈቀደልኝም። ከሚዛን በፊት አንድ ጋሎን ውሃ ጠጥተው ቁጥሩን የሚያሟሉ ልጆች ነበሩ። ያ ኪሎ ሜዳ ላይ ማንንም አይገፋም።

ሰሙነ ሕማማትን ቀላል ሳምንት አደረግነው። የስቅለት ስግደት ራሱ ለጭንና ለወገብ ከባድ ሥራ ነው። ይህን ለአሰልጣኙ ስነግረው የዚያን ሳምንት ስኳት ሙሉ በሙሉ አነሣልኝ። ከፋሲካ በኋላ እንቁላልና ሥጋ ሲመለስ ትልቅ ዝላይ እጠብቅ ነበር። አልመጣም። ሚዛኑ እንደ ጾሙ ጊዜ ቀስ እያለ ነው የቀጠለው። ነሐሴ ላይ 220 ገባሁ፤ የ10 ያርድ ሰዓቴም እንደነበረ ነው።

ወላጆች ግን ከኪሎው ይልቅ ሙቀቱን እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ። ከቤታችን በማይርቀው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆርዳን ማክኔር የሚባል የ19 ዓመት ተጫዋች ግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተ። ያውም ልምምዱ በውድድር ወቅት አልነበረም። ሰውነቱን ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማጥለቅ ሲገባ አልተደረገለትም። ሰውነት በከበደ ቁጥር ሙቀት ለማውጣት ይቸገራል፤ ከፊት መስመር የሚጋፉትን ግዙፎቹን ላይንማኖች በተለይ የሚያሰጋው ይህ ነው። እኛ ካምፕ ላይ ከልምምድ በፊትና በኋላ እንመዘናለን። ከክብደቱ 2 በመቶ በላይ በላብ ያጣ ልጅ፣ ከቀጣዩ ልምምድ በፊት ጠጥቶ መተካት አለበት።

ልጃችሁ ቡድን ሲገባ ስለ ስኮላርሺፕ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ሜዳው ዳር የበረዶ ውሃ ገንዳ አለ ወይ? በልምምድ ሰዓት ከጎኑ የሚቆም የሕክምና ባለሙያስ? መልሱ «የለም» ከሆነ እስኪዘጋጅ ድረስ አትላኩት።